የወረር ፕሮፖዛል፦ ዘሩ ይቅደም ወይስ አፈሩ?

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁን አይታችሁታል። «ድርቅና ጨው የሚቋቋሙ ሰብሎች» የሚለው ርዕስ በጣም ሰፋ። አፋር ክልል ውስጥ ወረርና አሚባራ ላይ ብናተኩር ምን ይመስላችኋል?

አዳቃይ፦ እስማማለሁ። ሰብሉ ዱረም ስንዴ፣ የፓስታና የማካሮኒው፣ ይሁን። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ውጤት አለ። ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ የተገኘ ዘረመል ዱረም ውስጥ አስገቡ። በጨዋማ ማሳ ላይ ምርቱ እስከ 25 በመቶ ጨመረ። ዘረመሉ ሶዲየም ሥር ላይ እንዲቀር፣ ቅጠል ጋ እንዳይደርስ ያደርጋል። በተለመደው ማዳቀል የገባ ስለሆነ የልውጠ ሕያዋን (ጂኤምኦ) ጣጣ ውስጥ አንገባም።

የአፈር ባለሙያ፦ ዘሩን አልጠላሁትም ወንድሜ። አፈሩስ? እዚያ ችግሩ የሚመጣው ከሥር ነው። መስኖ በተለቀቀ ቁጥር የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ይጠጋል። ፀሐይ ውሃውን ትስበዋለች፣ ጨው አፈሩ ላይ ይቀራል። ማጠንፈፊያ ቦይ ከሌለ ዛሬ የቻለው ዝርያ ከጥቂት ዓመት በኋላ አይችልም። ደግሞ ሰብል ከሰብል ይለያል። የአፈር ጨው በሚለካበት በዴሲሲመንስ በሜትር፣ ገብስ እስከ 8 ድረስ ምርቱ ብዙም አይነካም፤ በቆሎ ግን 2 ሳይሞላ መቀነስ ይጀምራል። መጀመሪያ እንለካ።

አዳቃይ፦ ልኬቱ ዓመት ይበላል እኮ!

የአፈር ባለሙያ፦ ይብላ። አንዱ ማሳ ውስጥ እንኳ ጨው እዚህ ይበዛል፣ እዚያ ያንሳል። ሳንለካ ከዘራን ዘሩን ይሁን ቦታውን እንደፈተንን በምን እናውቃለን?

የእንስሳት መኖ ባልደረባ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ጨው በልቶት የተተወው መሬት ነው። ለአፋር አርብቶ አደር እኮ ከስንዴ በፊት መኖ ይቀድማል። ሮደስ ሳር ጨው ይችላል። ጥቂት መደብ ስጡኝ።

የማሽላ ባልደረባ፦ ድርቁን ግን ከጨው ጋር አትደባልቁብኝ። ድርቅ ስንልም የቱን ነው? አበባ ካወጣ በኋላ ዝናብ ሲቋረጥ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ማሽላ አለ። ዓለም ቢ-35 እያለ ለማዳቀያ የሚጠቀምበት እንዲህ ያለ የማሽላ ዘር ምንጩ የኢትዮጵያ ማሽላ ነው። የራሳችንን ዘር ዞረን ከውጭ ስናስመጣ ትንሽ ያሳፍራል፣ ይሁን። የጂን ባንካችን ውስጥ ያሉትን የቆላ ማሽላዎች ምዕራብ ሐረርጌ፣ ምዔሶ ላይ እንፈትሽ።

አስተባባሪ፦ እሺ፣ ለሁለት እንክፈለው። ወረር ላይ ጨው፣ ምዔሶ ላይ ድርቅ። አዳቃያችን፣ ስንዴው ይቆያል፤ ግን የመጀመሪያው ወቅት የልኬት ነው። ሮደስ ሳሩም ይግባ። የአፈር ባለሙያችን፣ የመለኪያ መሣሪያውንና የውሃ ጥልቀት መከታተያ ቧንቧዎቹን ዋጋ ላኪልኝ።

የአፈር ባለሙያ፦ ነገ እልካለሁ። ቦይ ማስቆፈሪያውን ግን ከበጀቱ እንዳታወጡብኝ።