ሰሚ በሌለበት ቤት ሚክስ ማድረግ፤ ፍላጎቱ እንዳይሞት ምን ይደረግ?

አራተኛ ፎቅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያለኝ ባለ ሁለት ቻናሉ ዲዲጄ ፍሌክስ 4 ኮንትሮለር (የዲጄ መጫወቻ መሣሪያ)፣ ላፕቶፕ፣ ባለ ገመድ ሄድፎንና አንድ ብሉቱዝ ስፒከር ነው። የምሠራው ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ማታ ማታ፣ ለራሴ ነው። መድረክ የመውጣት ሐሳብ ለጊዜው የለኝም። ችግሩ ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄድኩ በኋላ ልቤ ይሸሻል። ከዘፈን ወደ ዘፈን ሽግግሩ ቢያምር "ይበል" የሚል የለም፣ ቢበላሽም ፊቱን የሚያጨማድድ የለም። ከዚያ ሚክሱን ትቼ አዲስ ዘፈን ፍለጋ እገባለሁ፣ በዚያው ይመሻል። "ዋናው መደሰት ነው" የሚለውን ብዙ ሰምቻለሁ። የምፈልገው በደቂቃና በቀን የተቆረጠ አሠራር ነው። ዘፈኖቼ ግማሹ የሀገር ቤት፣ ግማሹ ሃውስ (የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ) ናቸው።

ፌደር

አዳራሽ ውስጥ ያለ ዲጄ ሽግግሩ መበላሸቱን ወዲያው ያውቃል፤ እስክስታው ይላላል፣ ሰው ወደ ወንበሩ ማየት ይጀምራል። ቤት ውስጥ ያንን መልስ የሚሰጥህ ቅጂህ ነው። ስለዚህ ሳትቀዳ አትጫወት።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያው 10 ደቂቃ በጆሮ ብቻ ምት ማገናኘት ነው፤ ሲንክ (ምቱን በራሱ የሚያገናኘው ቁልፍ) ጠፍቶ፣ የቢፒኤሙ (በደቂቃ ስንት ምት የሚለው) ቁጥር በወረቀት ተሸፍኖ። ከዚያ መቅጃውን ክፈትና 20 ደቂቃ ሳታቋርጥ ተጫወት። ቢበላሽም አታቁም። ከብልሽት መውጣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በተበላሸ ቁጥር ከመጀመሪያው የሚጀምር ሰው ይህን ሙያ አያገኘውም። የቀረውን 10 ደቂቃ የሚቀጥለውን ቀን ለማሰናዳት ተጠቀምበት፦ የምትከፍትባቸውን ሁለት ዘፈኖች ምረጥ፣ ኪው ነጥባቸውን (የሚነሱበትን ምልክት) አስቀምጥ፣ "ነገ" የሚል ፕሌይሊስት ውስጥ አስገባቸው። ብዙ ምሽት የሚባክነው "በምን ልጀምር" ላይ ነው።

ቅጂውን ያኔውኑ አትስማው። እጅህ የሠራውን ጆሮህ ገና ስለሚያስታውስ ይቅር ይለዋል። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ ወይም ዕቃ እያጠብክ ስማውና ሦስት ነገር ጻፍ፦ ደቂቃውን፣ የሰማኸውን፣ ምክንያቱን። "7፡40፣ ድምፁ ታፈነ፣ ሁለት ቤዝ።" "13፡05፣ ዘፋኝ በዘፋኝ ላይ፣ አዝማቹ ሳያልቅ አስገባሁ።" "16፡20፣ ከበሮዎቹ እንደ ፈረስ ኮቴ ተንጋጉ፣ ቴምፖ አልገጠመም።" የሚቀጥለው ቀን ሥራህ ከዚህ ወረቀት አንድ መስመር ብቻ ነው። ሦስቱንም በአንድ ምሽት ላርም ካልክ ሦስቱም ይቀራሉ።

ሁለት ቤዝ የሁሉም ሰው በሽታ ስለሆነ ልዘርዝረው። የሚገባውን ዘፈን ከማስገባትህ በፊት የሎው ቁልፉን (ቤዙን የሚቆጣጠረውን) እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙር። ፌደሩን (የድምፅ መግፊያውን) በ16 ምት ውስጥ ቀስ ብለህ ክፈት። አሁን የአዲሱ ጭብጨባና ሻከር ይሰማል፣ ከታች የሚመታው ግን ገና የአሮጌው ነው። ቁጠር፤ ሃውስ አብዛኛውን ጊዜ የሚታጠፈው በ32 ምት ነው፣ በ120 ቢፒኤም 16 ሰከንድ መሆኑ ነው። 29፣ 30፣ 31፣ 32 ስትል ሁለት እጅህ ሁለቱ የሎው ቁልፎች ላይ ይሁን። "አንድ" ላይ የአሮጌው ወደ ግራ ይወርዳል፣ የአዲሱ መሐል ላይ ይቆማል። ከመሐል እንዳታሳልፈው። ካለፈ ማስተሩ (ጠቅላላው የሚወጣው ድምፅ) ቀይ ይነካል፣ ቅጂው ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ቅጂ ደግሞ በኋላ አይጠገንም። ከፍተኛው ድምፅ ከ−6 ዴሲቤል እንዳያልፍ ጌይኑን (የእያንዳንዱን ዘፈን መግቢያ ድምፅ) ከመነሻው ቀንስ።

ሸክላ

ፌደር ስለ ቅጂ ያለውን እፈርምበታለሁ። ሲንክ ላይ ግን አንስማማም። ልቡ እየሸሸ ላለ ሰው የመጀመሪያውን ወር ሃውሱን በሲንክ ይሥራና ሐሳቡን ዘፈን መምረጥ ላይ ያድርግ። ታዳሚ የሚያስታውሰው የትኛው ዘፈን ከየትኛው ቀጥሎ እንደመጣ ነው። ምት ማገናኘቱን የሀገር ቤቶቹ በግድ ያስተምሩታል፣ ሲንክ ስለሚከዳው።

የዘፈን ፍለጋው በወሰን ነው የሚቆመው። 24 ዘፈን ምረጥና አራት ሳምንት በእነሱ ብቻ ሥራ። በየሳምንቱ ሁለት ይገባል፣ ሁለት ይወጣል። ፍለጋ ቅዳሜ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ውጪ የለም። 2,000 ዘፈን ያለው ሰው የአንዱንም መውጫ በቃሉ አያውቅም፤ 24 ያለው ግን ዘፋኙ በስንተኛው ሰከንድ እንደሚገባ ያውቃል። ለእያንዳንዱ አራት ሆት ኪው (በአንድ ቁልፍ የሚዘለልበት ምልክት) ስጥ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል፦ 1 መግቢያ፣ 2 ድምፅ የሚጀምርበት፣ 3 አዝማች፣ 4 መውጫ። ቅደም ተከተሉ ከተለዋወጠ እጅህ ጨለማ ውስጥ አያገኘውም።

ለየምሽቱ ደግሞ አንድ ሕግ ይኑርህ። ዛሬ ኤፌክት የለም። ነገ ማንኛውም ዘፈን ከሁለት ደቂቃ በላይ አይቆይም። በሚቀጥለው ሽግግሩ ሁሉ በባለ 4 ምት ሉፕ (እየተደጋገመ በሚዞር ቁራጭ) ብቻ ነው የሚወጣው። ሕግ ያለው ምሽት መጨረሻ አለው፣ ተሳካ ወይም አልተሳካ ትላለህ። ሕግ የሌለው ምሽት እንዲሁ ይፈስሳል።

አራተኛ ፎቅ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፣ የ24ቱን ዛሬ ጀምሬያለሁ። ግን ሁለት ነገር ያዝ አደረገኝ። የችክችካ ዘፈኖችን ሶፍትዌሩ አንዱን 180፣ አንዱን 90 ይለዋል፤ እግሬ የሚመታው ግን ሁለቱንም 120 አካባቢ ነው። ሌላው፣ በሄድፎን ያስተካከልኩት ምት በስፒከሩ ሲወጣ ዘግይቶ ይሰማል።

ስድስት ስምንተኛ

ከቀላሉ ልጀምር። ብሉቱዝ ድምፁን 100፣ 200 ሚሊሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያዘገያል። በ120 ቢፒኤም አንድ ምት 500 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ስፒከሩ ከምቱ አንድ አምስተኛ ወይም ሁለት አምስተኛ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ሄድፎኑ በገመድ ወዲያው ይሰማል። ሁለቱ በምንም ልምምድ አይገጥሙም፣ ጥፋቱም የጆሮህ አይደለም። ስፒከርህ የኦክስ መሰኪያ ካለው ከኮንትሮለሩ ማስተር መውጫ በገመድ አገናኘው። ከሌለው ተወውና በሄድፎን ብቻ ሥራ፤ ኪውን (ገና ያልገባውን ዘፈን) እና ማስተሩን የሚያመጣጥነውን ቁልፍ መሐል ላይ አድርግ። ለጎረቤትም ይሻላል፤ ሲሚንቶ ግድግዳ አልፎ የሚሄደው ቤዙ ነው።

አሁን ችክችካው። እያንዳንዱ የእግር ምት ውስጥ ሦስት ትንንሽ ምቶች አሉ። እግር በደቂቃ 120 ከመታ ትንንሾቹ 360 ናቸው። ሶፍትዌሩ የለመደው ሁለት ሁለትና አራት አራት አድርጎ መክፈል ነው፤ 360ን ሁለት ሁለት ሲያስራቸው 180፣ አራት አራት ሲያስራቸው 90 ይልሃል። ስለዚህ 180 ያለውን በ2/3፣ 90 ያለውን በ4/3 አባዛ፤ ሁለቱም 120 ይመጣሉ። ሬኮርድቦክስ በሚባለው የዲጄ ሶፍትዌር ላይ የእጥፍና የግማሽ ቁልፍ እዚህ አያድንህም፤ ቁጥሩን ራስህ ጻፍ ወይም ታፕ አድርግ (ቁልፉን በምቱ ልክ ምታ)። ሚክስክስ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ግን በዘፈኑ መረጃ መስኮት 2/3፣ 3/4፣ 4/3 እና 3/2 የሚሉ ቁልፎች አሉት፤ ለእኛ ሙዚቃ ትልቅ ነገር ነው።

ቁጥሩን በእጅ ለማግኘት ሰዓት ይዘህ 64 የእግር ምት ቁጠር። 64ን በ60 አባዝተህ ለፈጀው ሰከንድ አካፍል፤ 32 ሰከንድ ከፈጀ 120 ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን የግሪድ (ሶፍትዌሩ በዘፈኑ ላይ የሚያሰምራቸው የምት መስመሮች) መስመር ከበሮው ራሱ ላይ አስቀምጥ። ክራሩ ወይም ኪቦርዱ ቀድሞ ቢገባ እንኳ እሱ ላይ አይደለም። አሁን ወደ መጨረሻው ደቂቃ ዝለልና መስመሩን እይ። ከመነሻው ጀምሮ በአንድ አቅጣጫ እየራቀ ከሄደ ቁጥሩ ጥቂት ተሳስቷል፤ የ0.1 ቢፒኤም ስህተት በ4 ደቂቃ ውስጥ የ0.4 ምት ልዩነት ያመጣል፣ በ120 ሲሆን 0.2 ሰከንድ ነው፣ ጆሮ ላይ ይጎረብጣል። አንዴ ወደፊት አንዴ ወደ ኋላ ከዋለለ ግን ቁጥሩ አልተሳሳተም፤ ባንዱ ራሱ ነው እየፈጠነ እየዘገየ የተጫወተው።

ይህ ሁለተኛው ከእ.ኤ.አ. 1969 ጀምሮ በአምሃ ሪከርድስ የታተሙትን የመሰሉ አሮጌ ቅጂዎች ላይ ያጋጥማል። ባንዱ አንድ ላይ ሆኖ በቀጥታ ተቀድቷል፣ ጆሯቸው ውስጥ የሚመታ ክሊክ (ምት ጠባቂ ድምፅ) አልነበረም፤ በሲዲ እንደገና መታተማቸውም ይህን አይለውጠውም። ሙሉ ዘፈኑን በአንድ ግሪድ ላስረው አትበል። መግቢያው ላይ 16 ምት፣ መውጫው ላይ 32 ምት አስተካክል፣ መሐሉን እንዳለ ተወው። ስታስወጣው በባለ 4 ምት ሉፕ ያዘውና የቆመ ምት አግኝተህ ቀጣዩን አስገባ። ሲንክ ከበራ ሶፍትዌሩ የሚያገናኘው መስመርን ከመስመር እንጂ ከበሮን ከከበሮ አይደለም፤ መስመሩ ውሸት ከሆነ ሽግግሩም ውሸት ነው።

ችክችካን ከሃውስ ጋር የምታገናኘው በእግር ምቱ ነው፣ 120 ከ120። የሚጋጨው ላይኛው ነው፦ የሃውሱ ሃይ-ሃት ሁለት ሁለት፣ የእኛው ከበሮ ሦስት ሦስት ይላል። የሃውሱን ሃይ ቁልፍ (የቀጭን ድምፁን) ቀንሰህ ኪኩን (ወፍራሙን ከበሮ) ብቻ አስቀርና በ8 ወይም በ16 ምት ጨርስ። ረዥም ሽግግር እዚህ አያምርም።

ስለ ቅኝትም አንድ ነገር ልጨምር። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው 24 ስም ነው፣ 12 ሜጀርና 12 ማይነር። ከሲ የሚነሳ ሜጀር ትዝታ ኖታዎቹ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ስለሆኑ 8ቢ (ሲ ሜጀር) ወይም 8ኤ (ኤ ማይነር) ሊልህ ይችላል፣ ብዙም አይጎዳህም። አንቺሆዬና አምባሰል ግን ከ24ቱ አንዱንም አይሆኑም፤ የሚሰጥህ ስም ግምት ነው። ኮሜንት በሚለው ዓምድ ውስጥ ቅኝቱን በአማርኛ ጻፍ፣ ሚክስ ስትሠራ በዚያ ደርድር። ከካሴት የተገለበጠ ዘፈን ደግሞ ካሴቱ የዞረበት ፍጥነት ስለሚያዛባው በሁለት ኖታ መሐል ሊወድቅ ይችላል። ኪ ሎክን (ፍጥነቱ ሲቀየር የድምፁ ከፍታ እንዳይቀየር የሚይዘውን) አጥፋና በቴምፖ ፌደሩ አስተካክለው፤ ወደ 6 በመቶ ግማሽ ድምፅ፣ ወደ 3 በመቶ ሩብ ድምፅ ያንቀሳቅሳል።

ይህ ሥራ ጸጥታ ይፈልጋል፣ ሥራ ላይ ያለ የክበብ ዲጄ ጊዜ የለውም። በሳምንት 5 ዘፈን ብታስተካክል በዓመት 260 ነው። ግሪዱ የተስተካከለ 260 የሀገር ቤት ዘፈን ገንዘብ ከፍለህ የምታገኝበት ቦታ የለም፤ ማንም ባይሰማህም እጅህ ላይ የሚቀር ሀብት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰሚ የለም ላልከው፣ አንድ ሰው በቂ ነው፣ ቀን ከተቆረጠለት። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ 30 ደቂቃ ሚክስ ለአንድ ሰው ላክ፣ ምን እየሠራ እንደሚሰማው አውቀህ። ለሚነዳ ሰው የምትሠራው ቡና አፍልታ ለምትቀመጥ ከምትሠራው ይለያል፤ የቡናው ከሦስት ስኒ ጋር መሄድ አለበት፣ አቦሉ ላይ የፈጠነ አይገባም። "እንዴት ነው?" ብለህ አትጠይቅ፤ "ጥሩ ነው" ይሉሃል። "የትኛው ዘፈን ላይ ስልክህን አነሳህ? የትኛውን ዘለልክ?" በል።

ለቴሌግራም በኤምፒ3 128 ኪሎቢት ላከው፤ 30 ደቂቃው 29 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ የተቀባዩን ዳታ አይበላም። በ320 ቢሆን 72 ይሆናል፣ ያንን ለራስህ አስቀምጥ። ዩቲዩብና ፌስቡክ የባለመብት ዘፈን ሲያገኙ ድምፁን ሊያጠፉት ወይም ሊያግዱት ይችላሉ፤ ሚክስክላውድ ለዲጄ ሚክስ ተብሎ የተሠራና ለባለመብቶች የሚከፍል ስለሆነ እዚያ አድርገው።

ዝግጅት ባይኖርህም የሰርግ ልምምድ ሥራ። ከስድስት አካባቢ ሁለት ሁለት ዘፈን፣ 12 ዘፈን በ30 ደቂቃ። ጉራጌኛው ካለቀ በኋላ ወደ ዘገምተኛ ምት መውረድ ከባዱ ቦታ ነው። ምቱን በሽግግር ጎትተህ ለማውረድ አትሞክር፣ ዘፋኙን ያጎረንነዋል። አዝማቹ ሲያልቅ በኢኮ ቁረጠው፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አድርግ፣ ቀጣዩን ከመጀመሪያው ምት ጀምር።

አራተኛ ፎቅ

እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ እየቀዳሁ መብራት ቢጠፋስ?

ፌደር

ኮንትሮለሩ በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ስለሚሠራ በባትሪና በሄድፎን ትቀጥላለህ። አደጋው ላፕቶፑ ራሱ ሲጠፋ ነው፤ መቅጃው ፋይሉን በሥርዓቱ ሳይዘጋው ከቀረ ዌቭ ፋይሉ (ያልተጨመቀው ቅጂ) አልከፈት ሊል ይችላል። ባትሪው 15 በመቶ ሲደርስ መቅጃውን አቁም። 30 ደቂቃ ዌቭ 300 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ ዲስኩ ላይ ቦታ መኖሩንም ከመጀመርህ በፊት እይ።