ሬበስ ጀግና ነው ወይስ ካፖርት የለበሰ ሌባ ሻይ?

አወያይ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። እሑድ ጎንደር ፒያሳ ላይ የጀመርነውን ክርክር ዝናቡ ስለበተነው እዚህ በጽሑፍ እንቀጥለው። ላልነበራችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ባለፉት ወራት ጥቂት የተጎሳቆሉ መጻሕፍት ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ፣ የስኮትላንዳዊውን ደራሲ የኢያን ራንኪንን መርማሪ ጆን ሬበስን ስንተዋወቅ ከርመናል። በእንግሊዝኛ ያነበቡት ላላነበቡት ስለሚተርኩ አብዛኞቻችን ሰውዬውን የምናውቀው በጆሯችን ነው። አሁን መጻሕፍት አዟሪው ወንድማችን እነዚህ ልቦለዶች ለወጣቶች በምናደራጀው መደርደሪያ ይግቡ አለ፤ መምህርታችን ደግሞ አይሆንም አሉ። ጥያቄው ይህ ነው፦ ወንጀለኛ ለመያዝ ሲል ሕግ የሚረግጥ ፖሊስ በልቦለድ ጀግና ተደርጎ መቅረቡ ተገቢ ነውን? ስድብ አይፈቀድም። ታላላቆቻችንን በአንቱታ።

የማራኪዋ መምህርት፦
እኔ የምቃወመው መጠጡን አይደለም፤ ሰካራም ገጸ ባሕርይ በእኛም ሥነ ጽሑፍ ሞልቷል። የምቃወመው ሰውዬው ሁልጊዜ ልክ መሆኑን ነው። አለቃው ከጉዳዩ ያነሳዋል፤ እሱ ግን ተደብቆ ይቀጥላል። ከሥራ ይታገዳል፤ ይቀጥላል። ካፈርቲ ከሚባለው የከተማው ወንበዴ አለቃ ጋር እየተገናኘ መረጃ ይለዋወጣል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ልክ ሆኖ ይገኛል፤ ደንቡን የጠበቁት ባልደረቦቹ ሞኝ ይመስላሉ።

ይህ ለምን እንዳሳሰበኝ ልናገር። ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼን “ጎበዝ መርማሪ የሚባለው ምን ዓይነት ሰው ነው?” ብዬ በብጣሽ ወረቀት አጻፍኳቸው። “ማስረጃ የሚሰበስብ” ያለ አንድ ልጅ አገኘሁ። ሌሎቹ “ሌባን በዓይኑ የሚያውቅ”፣ “የማይሸወድ”፣ “ልቡ የሚነግረው” እያሉ ነው የጻፉት። አንዱ “በአንድ ጥፊ የሚያናዝዝ” ብሏል። ጽሑፉ ስርዝ ድልዝ የለበትም፤ ልጁ እርግጠኛ ነው። ለዚህ ልጅ ሬበስን ልስጠው?

መጻሕፍት አዟሪው፦
ከእርስዎ ጋር መከራከር ይከብደኛል፤ አስተምረውኛልና። ግን ይፍቀዱልኝ። ሬበስ ልክ ቢሆንም ዋጋውን ይከፍላል። ዕድሜ የማይነካቸው፣ በሠላሳ መጽሐፍ ውስጥ ፀጉራቸው የማይሸብት መርማሪዎች ብዙ ናቸው። ራንኪን ግን ይህንን ሰው እንደኛው አስረጀው። እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ ሬበስ በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ትዳሩ ፈርሷል፣ ከልጁ ጋር አይግባባም። በ2007 በወጣው ዐሥራ ሰባተኛው ላይ ስልሳ ዓመት ሞላውና ደንቡ እንደሚያዘው ጡረታ ወጣ። ከዚያ በኋላም እየተመለሰ በየጉዳዩ ጣልቃ ይገባል፤ ሳንባው ግን እየደከመ ሄደ። ለብዙ ዓመት የኖረበት ቤት ፎቅ ላይ ስለነበር ደረጃውን መውጣት አቅቶት፣ እሱ ያሠለጠናት መርማሪ ሻቮን ክላርክ ዕቃውን ተሸክማ ምድር ቤት ስታስገባው አላነበባችሁም? ይህ የጀግና ሐውልት ነው?

ደግሞ በ2024 በወጣው ሃያ አምስተኛው መጽሐፍ ላይ የት አለ? እስር ቤት። እስረኛ ሆኖ፣ ራሱ ካሳሰራቸው ሰዎች መካከል። ደራሲው ሂሳቡን አልረሳም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከክርክሩ ትንሽ ቢወጣም። የሬበስ ከተማ ኤድንብራ በአለት ላይ የቆመ ግንብ ያላት ናት፤ እንግዳ ግንቡን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ራንኪን የጻፈው እንግዳ ስለማያያት ስለሌላኛዋ ኤድንብራ ነው። እኔ ከፋሲል ግንብ አጥር ሥር ቆሜ መጽሐፍ ስሸጥ ይህ ነገር ይገባኛል።

ጠበቃዋ፦
ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ሬበስ “ሕግ ጣሰ” ከምትሉት ከፊሉ በዘመኑ ሕጋዊ ነበር። በስኮትላንድ ፖሊስ አንድን ተጠርጣሪ ጠበቃ ሳያማክር እስከ ስድስት ሰዓት ይዞ መጠየቅ ይችል ነበር። ይህን የለወጠው የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በካደር መዝገብ የሰጠው ውሳኔ ነው። ሬበስ የመጀመሪያውን ጡረታ የወጣው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ያቺ ጠባብ ክፍል፣ ያ ጠረጴዛ፣ ጠበቃ የሌለው ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ መላቡ፣ ይህ ሁሉ የሰውዬው ዐመፅ ሳይሆን የአገሩ አሠራር ነበር። እኛ የተያዙ ሰዎችን መብት በሚደነግጉት በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 እና 21 ዓይን ስለምናነበው ነው እንደ ጥሰት የሚታየን።

የስኮትላንድ ሕግ ግን ሌላ ልጓም አለው። ሰው ጥፋቱን ቢያምን እንኳ የእምነት ቃሉ ብቻውን አያስቀጣውም፤ ከሌላ ምንጭ የመጣ ደጋፊ ማስረጃ የግድ ነው። የልቦለዱ ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዱን ማስረጃ የያዘ፣ ሁለተኛውን ያጣ፣ ሰውዬው ገዳይ ለመሆኑ እርግጠኛ የሆነ መርማሪ ምን ያደርጋል?

መልሱ እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመው ስምንተኛው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ሬበስን ያሳደገው አለቃው ላውሰን ጌዲስ ከዓመታት በፊት ስፓቨን የተባለ ሰው አስፈርዶበታል። ማስረጃው የተገኘበት መንገድ ንጹሕ አልነበረም፤ ወጣቱ ሬበስ ያንን አብሮ ሸፈነ። ስፓቨን “ንጹሕ ነኝ” እያለ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ታሪኩ ሲጀምር ይህ አሮጌ መዝገብ ተቆፍሮ ወጥቶ ሬበስን እያሳደደው ነው። ስለዚህ መምህርት፣ ሁልጊዜ ልክ ነው ያሉትን አልቀበልም። መጻሕፍት አዟሪ፣ ዋጋውን ይከፍላል ያልከውንም ሙሉ በሙሉ አልቀበልም፤ መጀመሪያ የከፈለው ስፓቨን ነው።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪው፦
ከስሙ ልጀምር። “ሬበስ” በእንግሊዝኛ በሥዕል የሚጠየቅ እንቆቅልሽ ማለት ነው። ደራሲው ገና ሲጀምር “እንቆቅልሽ” ብሎናል፤ እኛም “ምን አውቅልህ” ብለን ተቀምጠናል። አገር ስጠኝ የሚለው ግን መርማሪው ነው፤ ሕጉንም ደንቡንም ስጠኝ ይለናል።

ዋናው ነጥቤ ሌላ ነው። በእኛ አገር ብቻውን ሮጦ ወንጀል የሚፈታ ሰው አልነበረም። አንዱ መንገድ አውጫጭ ነው፦ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ አይበተንም። ሌላው ሌባ ሻይ ነው። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ በየቤቱ ይዞራል፤ ሄዶ ተዘርሮ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ ይከፍላል። ማስረጃ የለም፣ ምስክር የለም፣ ልጁን የመራው “ኃይል” ብቻ ነው ያለው።

አሁን ሬበስን አስቡት። ጠጥቷል። ሌሊት ብቻውን በከተማው ይንከራተታል። “ውስጤ ነገረኝ” ብሎ አንድ በር ላይ ይቆማል። ካፖርት የለበሰ ሌባ ሻይ ማለት ይህ አይደለም? ፈረንጅ ስለጻፈው ዘመናዊ ምርመራ መሰለን እንጂ።

የቀሐዋ እናት፦
ልጄ፣ ሳቅ አሳቅከኝ። ሌባ ሻይን አያቴ ስትተርክልን የምንፈራው ሌባውን ሳይሆን ልጁን ነበር። “ወደኛ ቤት ቢመጣስ?” እንላለን፤ ያልሰረቀ ሰው እኮ ነው የሚፈራው። ስለ አውጫጩም አታሳምረው። ሰው ከብቱን ሜዳ ትቶ፣ አዝመራው እየረገፈ ስንት ቀን ይቀመጣል? መጨረሻ ላይ ያው ደሃው ወይም መጤው ይጠቆማል። ጠቋሚውም በስሙ አይናገርም፤ “ወፍ ነገረችኝ” ነው። እኔ እንኳ ብቻውን የሚሮጠውን ሰካራም እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ስሙ ይታወቃል።

መጻሕፍት አዟሪው፦
እማማ ዕድሜ ይስጥልኝ! ለተማሪው ልመልስ። ሌባ ሻይ የጠጣው ልጅ ሲነቃ የሠራውን አያስታውስም። ሬበስ ግን አይረሳም። መጽሐፍ በመጽሐፍ የሚያባንነው የሠራው ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ አንባቢውም አብሮት ይባንናል።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪው፦
ለስፓቨን የሬበስ እንቅልፍ ማጣት ምን ይጠቅመዋል?

አወያይ፦
(ለዚህ እስካሁን መልስ የሰጠ የለም። ሃያ ደቂቃ ጠብቄአለሁ።) ጋሼ፣ ከአዘዞ፣ ዝም ብለው ያነባሉ። በዚህ ቤት ምርመራ ሠርቶ የሚያውቅ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ጡረተኛው መርማሪ፦
ዝም ያልሁት መጽሐፉን ስላላነበብሁ ነው። ያላነበቡትን መዝገብ አስተያየት መስጠት በእኛ ቤት ነውር ነው። ግን ስለ ሥራው ከሆነ ልናገር።

የምርመራ ሥራ ወረቀት ነው። ክስ መቀበል፣ የምስክር ቃል መቀበል፣ ቦታውን አይቶ ንድፍ መሥራት፣ ኤግዚቢት መመዝገብ፣ ጊዜ ቀጠሮ መጠየቅ። በሕገ መንግሥቱ ተጠርጣሪው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ለመንገድ የሚወስደው ሳይቆጠር። ሌሊት የሚሮጥ ሰው ለዚህ ሁሉ ወረቀት ጊዜ ከየት ያመጣል? የእናንተ ሰው ወረቀቱን የሚሠራለት ሌላ ሰው እንዳለ ነው የገባኝ።

ጠበቃዋ፦
ሻቮን ክላርክ ናት ጋሼ። ብዙ ጊዜ።

ጡረተኛው መርማሪ፦
አላልሁም? እንግዲያው ጀግናዋ እሷ ናት።

ወጣት ሳለሁ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ቦታውንም ሰውንም አልጠራም። ከአንድ ሱቅ አራት ጣቃ ጨርቅ ተሰረቀ። የሱቁ ተላላኪ ተያዘ። ባልደረባዬ የእናንተ ሰው ዓይነት ነበር፤ “ዓይኑን አይቼ አውቄዋለሁ” ይላል። እኔ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ስመለስ ወረቀቱ አልቋል። ልጁ አምኗል። ፊርማ ስለማይችል አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ አትሟል። ጣቱን አየሁት፤ ቀለሙ እስከ አንጓው ወጥቶ ነበር። በፈቃዱ የሚያትም ሰው ጫፉን ነው የሚያስነካው፤ ቀለም እስከ አንጓ የሚወጣው ጣት ተይዞ ሲጫን ነው። ይህን አየሁ። አየሁና ወረቀቱን መዝገቡ ውስጥ አስገባሁ።

ፍርድ ቤት ቀረብን። ዳኛው ለልጁ ቃሉን አንብበውለት “ያንተ ነው ወይ?” አሉት። “የፈረመው አውራ ጣቴ ነው፤ እኔ አይደለሁም” አለ። አዳራሹ ሳቀ። ዳኛው ግን አልሳቁም፤ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፣ ባልደረባዬን ሳይሆን። ልጁ ተለቀቀ። ጨርቁ ከዓመት በኋላ ከባለሱቁ የወንድም ልጅ ቤት ተገኘ።

ስለዚህ ተማሪው ለጠየቀው መልሴ፦ ምንም አይጠቅመውም። እኔም ያንን ጣት አልረሳሁትም፤ ልጁ ግን የእኔ አለመርሳት ደርሶት አያውቅም።

የማራኪዋ መምህርት፦
ጋሼ፣ ይህን እሑድ ቢነግሩን ኖሮ ዝናቡን ቁጭ ብለን እንመታው ነበር።

አቋሜን ላስተካክል። ለዚያ “በአንድ ጥፊ” ላለው ተማሪዬ የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት አልሰጠውም። ስምንተኛውን እሰጠዋለሁ፤ የስፓቨንን። ከዚያ በፊት ግን ጠበቃዋ ክፍሌ መጥታ አንቀጽ 19ን ታንብብልኝ፤ በተለይ ተገዶ የተሰጠ ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም የሚለውን። ጋሼም ቢመጡ በደስታ ነው። በእስር ቤቱ መጽሐፍ ግን አልታለልም። ደራሲው ሃያ አራት መጽሐፍ ሙሉ አስጨብጭቦለት ሲያበቃ በስተመጨረሻ ቢያስረው፣ ጭብጨባው አይመለስም።

መጻሕፍት አዟሪው፦
ያንን እቀበላለሁ፤ በግማሽ። ሌላውን ግማሽ እሑድ።

ጠበቃዋ፦
ክፍልሽ እመጣለሁ፤ ማክሰኞ ችሎት የለኝም። ልጆቹ ግን ጥያቄ እንዲያዘጋጁ፤ ሌክቸር አልሰጥም።

አወያይ፦
እንግዲህ መደርደሪያው ላይ ስምንተኛው ይቀመጣል፤ የቀሩት ለጊዜው አዟሪው ዘንድ ይቆዩ። የሚቃወም ካለ እስከ ነገ ማታ ይጻፍ።

ጡረተኛው መርማሪ፦
ከመደርደሪያው በፊት ለእኔ ላኩልኝ። እንግሊዝኛዬ ዝጓል፤ የልጅ ልጄ ታነብልኛለች።

መጻሕፍት አዟሪው፦
በደስታ ጋሼ። አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፤ ቅጂዋ አርጅታለች፤ የመጨረሻዎቹ ዐሥራ ሁለት ገጾች የሉም።

ጡረተኛው መርማሪ፦
ግድ የለም። ለዐቃቤ ሕግ የላክኋቸው መዝገቦችም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነበሩ።