«ፎን»፣ «ደ»፣ «ስኪ»፦ የቤተሰብ ስም መኳንንትነትን ይመሰክራል?

ጥያቄ፦ በአውሮፓውያን የቤተሰብ ስሞች ውስጥ የሚገቡት «ፎን»፣ «ቫን» እና «ደ»፣ እንዲሁም እንደ «ስኪ» ያሉ መድረሻዎች የባለስሙ አያት ቅድመ አያቶች መኳንንት እንደ ነበሩ ያመለክታሉ ሲባል እሰማለሁ። ትርጉማቸው በትክክል ምንድን ነው? ለዘር ቆጠራስ ማስረጃ ይሆናሉ?

መልስ፦ የጀርመንኛው «ፎን» መስተዋድድ ነው፤ በስም ውስጥ ሲገባ በአማርኛ ለ«ከ» ይቀርባል። ስለዚህ የቦታ ስም ሲከተለው በመጀመሪያ የሚነግረን ሰውዬው ከየት እንደ ሆነ ብቻ ነው። ባላባቱ የሚጠራው በርስቱ ወይም በግንቡ ስም ስለ ነበር ቃሉ ከመኳንንት ጋር ተቆራኘ፤ ይሁን እንጂ ከዚያው አገር ተነሥቶ ሌላ ቦታ የሰፈረ ገበሬም በዚያው ቃል ይጠራ ነበርና፣ በተለይ በሰሜን ምዕራብ ጀርመንና በስዊዘርላንድ ከመኳንንት ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ባለ«ፎን» ቤተሰቦች አሉ። በሰሜን ጀርመን መኳንንቱ ከእነዚህ ለመለየት ቃሉን በመጀመሪያ ፊደሉና በነጥብ ብቻ አሳጥረው የመጻፍ ልማድ ነበራቸው፤ የድሮ የመኮንኖች ስም ዝርዝር የሚያነብ ሰው ይህችን ነጥብ ቸል ባይላት መልካም ነው። «ጹ» የተባለው መስተዋድድ ደግሞ ለ«በ» የቀረበ ሲሆን፣ ቤተሰቡ ርስቱን በእጁ እንደ ያዘ መቆየቱን ያሳያል፤ በመሆኑም «ፎን ኡንት ጹ» የሚለው ጥምር ከ«ፎን» ብቻ ይልቅ የጠነከረ ምልክት ነው።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመለከተው ግን ከመስተዋድዱ በኋላ የሚመጣውን ቃል ነው። ቃሉ የቦታ ስም ካልሆነ «ከ» ማለት በሰዋስው ረገድ ትርጉም አይሰጥም፤ እንዲህ ያለው «ፎን» ብዙውን ጊዜ ንጉሥ ወይም ልዑል በማዕረግ ደብዳቤ የሰጠው ጌጥ ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔዩስ የመኳንንት ማዕረግ ሲያገኝ ካርል ፎን ሊኔ ተባለ፤ ሊኔ ግን አባቱ ከአንድ ዛፍ ስም ያወጡት የቤተሰብ ስም እንጂ ርስት አልነበረም። ስለዚህ እዚህ ላይ መስተዋድዱ የሚመሰክረው ማዕረግን ነው፤ የጥንት ባላባትነትን ግን አይመሰክርም።

የደቹ «ቫን» ትርጉሙ ከ«ፎን» ጋር አንድ ቢሆንም የመኳንንት ምልክት አይደለም። ይህን ለማሳየት ከሙዚቃ ቀማሪው ከሉድቪግ ቫን ቤትሆፈን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በወንድሙ ልጅ አሳዳጊነት የተነሣው ክርክር በቪየና ይታይ የነበረው ለመኳንንት በተለየው ፍርድ ቤት ነበር፤ በ1818 ግን ስለ መኳንንትነቱ ተጠይቆ ማስረጃ ማቅረብ ስላልቻለ፣ ጉዳዩ ተራው ሕዝብ ወደሚዳኝበት የከተማው ፍርድ ቤት ተዛወረ። አንዲት መስተዋድድ የቪየናን ዳኞች ሳይቀር ለጊዜው አሳስታ ነበር ማለት ነው።

ስለ ፈረንሳይኛው «ደ» ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ያለ እርሱ የኖሩ መኳንንት ብዙ ናቸው፣ እርሱን ይዘው የኖሩ ተራ ሰዎችም እንዲሁ። በኋላ ዘመን በፈቃድ የሚታከልበት ጊዜም ነበር፤ የቀድሞው የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የቫሌሪ ዢስካር ዴስታን ቤተሰብ፣ «ደ»ን በውስጡ የያዘውን «ዴስታን» የሚለውን ክፍል በስሙ ላይ የጨመረው በ1922 ነው።

የፖላንዱ «ስኪ» ከአማርኛው «-ኣዊ» ጋር የሚመሳሰል የቅጽል መድረሻ ነው። «ታርኖቭስኪ» ማለት የታርኑፍ ሰው ማለት ሲሆን፣ ይህ በእርግጥ የታላላቅ ባላባቶች ስም ነበር። ነገር ግን መድረሻው ክብር ስላገኘ ሌላውም ሕዝብ ተከተለው፤ «ቀጥቃጭ» ከሚለው ቃል ጋር የሚዛመደው «ኮቫልስኪ» በአገሩ እጅግ ከተለመዱት ስሞች አንዱ ነው። በዚህ አገር ከመድረሻው ይልቅ የሚጠቅመው፣ በድሮ ሰነድ ላይ ከስሙ ቀጥሎ ሰውዬው የየትኛው የጋሻ አርማ ወገን እንደ ሆነ መጻፍ አለመጻፉ ነው። አንዱን አርማ በደም የማይዛመዱ ብዙ ቤተሰቦች ይጋሩት ስለ ነበር ግን፣ የአርማ አንድነትን እንደ ሥጋ ዝምድና መቁጠር አይገባም።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ እንደ «ካይዘር»፣ «ኬኒግ» ወይም የፈረንሳይኛው «ለርዋ» ያሉት ራሳቸው ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት ማለት አይደሉምን? እነዚህስ አያጠራጥሩም ብዬ ነበር።

መልስ፦ ትርጉማቸው እንዳሉት ነው፤ የዘር ምስክርነታቸው ግን ከሁሉ የደከመ ነው። ንጉሥ በንግሥና ስሙና በሥርወ መንግሥቱ ይታወቃል እንጂ «ንጉሥ» የሚል የቤተሰብ ስም አያወጣም። እንዲህ ያለው ስም አብዛኛውን ጊዜ የወጣው በጌታው ቤት ለሚያገለግል፣ በበዓል ትርኢት ላይ የንጉሥን ቦታ ይዞ ለሚጫወት ወይም በኩራቱ ለሚቀለድበት ሰው ነው።

በተረፈ የዛሬ መታወቂያ ላይ ያለን ስም ሲያነቡ የ1919ን ሕግ ያስቡ። በዚያ ዓመት ኦስትሪያ መኳንንትነትን ስትሽር «ፎን»ንም ከዜጎቿ ስም አስወጣች፤ ጀርመን ደግሞ ማዕረጎቹን የስም ክፍል ብቻ አድርጋ አስቀረቻቸው። በዚህም የተነሣ በጀርመን ስሙ በጋብቻና በጉዲፈቻ ይተላለፋል፤ በቪየና በኩል ግን የእውነተኛ መኳንንት ልጅ ምልክቱን ሳይዝ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የኦስትሪያን ዘር የሚፈልጉ ከሆነ ከ1919 በፊት የተጻፉትን የክርስትናና የጋብቻ መዝገቦች ቢመለከቱ ይሻላል።