በዋሽንግተን ዙሪያ ባቡር ለማየት የሚመቹ የሕዝብ ሥፍራዎች

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ጤና ይስጥልን። አባቴ በድሬዳዋ ምድር ባቡር ለረጅም ዘመን ሠርተው በጡረታ የተገለሉ ሲሆን፣ አሁን ከእኛ ጋር ይኖራሉ። እኔና ባለቤቴ ሥራ ስንውል ከስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር ቤት ተዘግተው መዋላቸው ያሳስበኛል። ሁለቱም ባቡር ማየት ይወዳሉ። ማንም ሳይከለክላቸው አረፍ ብለው ባቡር ሲያልፍ የሚመለከቱበትን ሥፍራ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ክብርት እኅታችን፣ ያነሡት ጉዳይ ብዙዎቻችንን የሚመለከት ነው። በስተርጅና ወደዚህ የመጡ ወላጆቻችን ቋንቋውም መንገዱም እየቸገራቸው ከአፓርታማ ሳይወጡ ይከርማሉ፤ ለአባትዎ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁትን ሥራ በሌላ አገር ገጽታው ማየት ከማንኛውም መዝናኛ የሚበልጥ ይመስለኛል።

ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው በአርሊንግተን የሚገኘውን ሎንግ ብሪጅ ፓርክን ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተ ሲሆን፣ ከሐዲዱ ከፍ ብሎ የተሠራ ሰፊ የእግር መንገድ አለው፤ ከአጥሩ ወዲህ ሆኖ ሐዲዱን ቁልቁል መመልከት ይቻላል፤ መግቢያም አይከፈልበትም። ፖቶማክን ወደሚሻገረው ሎንግ ብሪጅ የሚያመራው መስመር በዚያ ስለሚያልፍ፣ የአምትራክ የመንገደኛ ባቡሮች፣ የቪአርኢ የሠራተኛ ማመላለሻዎችና የሲኤስኤክስ የጭነት ባቡሮች ሁሉ በፊትዎ ይተላለፋሉ። በጭነት ባቡሮቹ ላይ ሁለት ኮንቴይነር ተደራርቦ የተጫነባቸው ፉርጎዎች ተከታትለው ሲያልፉ አባታችን ቆመው እንደሚቆጥሩ አልጠራጠርም። እርሳቸው የሚያውቁት የቀድሞው የጅቡቲ መስመር የሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ የዚህ አገሩ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፉርጎዎቹንም ግዝፈት አንድ ጊዜ አይተው ይገምቱታል። ከጎን የሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ስላለ፣ ባቡር በሚዘገይበት ጊዜ ልጁ ሰማይ ሰማዩን እያየ ይቆያል።

በዚሁ ሥፍራ አንድ ነገር ልብ እንዲሉ ይንገሯቸው፤ በቨርጂኒያ በኩል ከሐዲዱ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የለም። ከዋሽንግተን ዩኒየን ጣቢያ ወደ ሰሜን ያለው መስመር ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ፣ ከኒውዮርክ መጥቶ ወደ ቨርጂኒያ የሚቀጥለው ባቡር ዩኒየን ጣቢያ ላይ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቩን ፈትቶ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ያስገጥማል። በተጨማሪም ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ ለመንገደኛ ባቡር ብቻ የሚያገለግል ባለሁለት ሐዲድ አዲስ ድልድይ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ2024 ተጀምሯል።

ለእርስዎ ቤት የሚቀርበው ግን ኪንግ ስትሪት ሜትሮ ጣቢያ ነው። መሳፈሪያው ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ከጎኑ የሚገኘው የአሌክሳንድሪያ አሮጌ ጣቢያና ሐዲዶቹ ከዚያ ላይ ሆነው በግልጽ ይታያሉ፤ የሜትሮ ዋጋ ግን ይከፈላል። እኛ ሠፈር ሲልቨር ስፕሪንግም እንደዚሁ ነው፤ የቀዩ መስመር ሜትሮ በሲኤስኤክስ ሐዲዶች መካከል ስለሚያልፍ የጭነት ባቡር ከመሳፈሪያው ግራና ቀኝ ይመጣል፤ ከዚያ ወርዶ የሐበሻ ምሳ መብላትም ይቻላል።

ቀኑን አስተውለው ይምረጡ። ቪአርኢ ቅዳሜና እሑድ አይሠራም፤ ማርክ የሚባለው የሜሪላንድ የሠራተኛ ማመላለሻ ባቡር ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ምዕራብ የሚሄድበት የብራንስዊክ መስመርም እንዲሁ። እርስዎ ዕረፍት በሚሆኑበት ቀን የሚቀሩት አምትራክና የጭነት ባቡሮች ብቻ ስለሆኑ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ የጭነት ባቡር ደግሞ ለሕዝብ የሚነገር የሰዓት ሰሌዳ የለውም።

መኪና ይዛችሁ ራቅ ማለት ከፈለጋችሁ በሜሪላንድ የሚገኘውን ፖይንት ኦፍ ሮክስን አይለፉ። ሁለት የባቡር መስመሮች በሚገናኙበት መንታ ላይ የቆመው ባለ ሹል ማማ ጣቢያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከዋሽንግተን ዙሪያ ጣቢያዎች ሁሉ በውበቱ አንደኛ ነው። ከዚያ አልፎ ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ባቡሩ ከተራራ ሥር ካለው ዋሻ ወጥቶ በቀጥታ ድልድዩ ላይ ሲገባ፣ እግረኛው ከጎኑ ባለው በአጥር በተለየ መተላለፊያ ሆኖ ያያል። የብሔራዊ ፓርኩ መግቢያ ግን ይከፈልበታል፤ ዳገቱም ለሽማግሌ ጉልበት ቀላል አይደለም።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ ልጨምር። በአገራችን ሐዲድ ተከትሎ መሄድ እንደ መንገድ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር፤ እዚህ ግን ሐዲዱና ዳር ዳሩ የኩባንያ ንብረት ስለሆነ መግባቱ በሕግ ያስጠይቃል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከባድ የጭነት ባቡር ፍሬን ይዞ እስኪቆም 1.6 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ፉርጎውም ከሐዲዱ ወደ ውጭ ስለሚተርፍ ከዳር መቆም አያድንም። ከሕዝብ ሥፍራ ሆኖ ፎቶ ማንሳት ግን የተፈቀደ ነውና፣ ድልድይና ጣቢያ ፎቶ ማንሳት ያስፈራቸው የነበሩ አባቶቻችን ስልካቸውን ለማውጣት አይስጉ።

ተጨማሪ መልስ፣ ከቦዊ

ወንድማችን በጠቆሙት ላይ ፍጥነት ለሚወድ ልጅ የእኛን አካባቢ ልጨምር። በቦዊ በኩል የሚያልፈው አሴላ የተባለው የአምትራክ ፈጣን ባቡር በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በአሮጌው ቦዊ ሠፈርም ከሐዲዱ አጠገብ አነስተኛ የባቡር ሙዚየም አለ። በዚሁ ሐዲድ የሚሄደው የማርክ ፔን መስመር ቅዳሜና እሑድም ይሠራል። መሳፈሪያ ላይ ከሆኑ የልጁን እጅ ይዘው በመሳፈሪያው ጠርዝ ከተሰመረው ቢጫ መስመር በጣም ወደ ኋላ ይቁሙ፤ ሳይቆም የሚያልፍ ባቡር ነፋሱ ብርቱ ነው፤ ድምፁም ሊደርስ ሲል ብቻ ነው የሚሰማው ማለት ይቻላል።

መኪና ሐዲድ በሚያቋርጥበት ቦታ ከቆሙ ደግሞ፣ ባቡሩ ከመድረሱ በፊት ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም ጥሩምባ ያሰማል፤ ልጁ ሥርዓቱን ቶሎ ይለምደዋል። በየማቋረጫው ላይ ስልክ ቁጥርና የማቋረጫው መለያ የተጻፈበት ሰማያዊ ሰሌዳ አለ፤ ሐዲድ ላይ የቆመ መኪና ወይም የወደቀ ሰው ካዩ በዚያ ቁጥር ደውሎ መለያውን ማንበብ ነው።