የኤግዚቢሽን ሎኮሞቲቮች ግዢ፦ የጋራ ሐሳባችንን እዚህ እንጨርሰው

ጸሐፊ፦
ሰላም ወገኖች። ለሞዴል ባቡር ክበባችን ኤግዚቢሽን ስለሚገዙት አራት ትንንሽ ሎኮሞቲቮች ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ እስካሁን መልክ አልያዘም። ገሚሱ ድምፅ የሌለው ሎኮሞቲቭ አይገዛ ይላል፣ ሌላው ደግሞ እጀታው ከቀጭን ሽቦ የተሠራ፣ ጽሑፉ በማጉያ መነጽር የሚነበብ ካልሆነ ይላል። ብሩ የሁላችንም መዋጮ ነውና እኔ ሎኮሞቲቩ በዝግታ ሲሄድ ያለውን አካሄድ አስቀድማለሁ። በኛ 1:87 መጠን (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው) በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ማለት አንድ ሜትር ሐዲድ በ30 ሰከንድ ገደማ መጨረስ ነው። ሱቅ ስንሄድ ስልካችንን አውጥተን በዚህ እንለካው። ሳይንገጫገጭና ሳይቆም ከጨረሰ፣ ያኔ ስለ ውበትና ስለ ድምፅ እናውራ።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔም በዚህ እስማማለሁ። ግን ዋጋውን እንየው። አንድ ዓይነት ሎኮሞቲቭ ሆኖ ድምፅ ያለውና የሌለው ብዙ ጊዜ 100 ዩሮ አካባቢ ይለያያሉ። አራት ብንገዛ 400 ዩሮ ለድምፅ ብቻ ሄደ ማለት ነው። አንዱን ከነድምፁ እንግዛ፤ ሌሎቹ የዲኮደር (ሎኮሞቲቩን የሚያዝ፣ ድምፅም ሊያወጣ የሚችል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ሶኬት ይኑራቸው፣ ባለ 21 ፒን ወይም ፕሉክስ 22 የሚባለው ዓይነት፤ አቅም ሲኖረን እንጨምርላቸዋለን።

ከድሬዳዋ፦
እህቴ፣ ሒሳቡ ገብቶኛል፤ ግን ልጆቹን ወደ ጠረጴዛው የሚጠራቸው ድምፁ ነው። እኔ ያደግሁት የባቡር ጥሩንባ እየሰማሁ ነው፤ ዝም ብሎ የሚያልፍ ባቡር ለእኔ ባቡር አይመስለኝም። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ የድሮው የጅቡቲ መስመራችን ለምን አይታሰብም?

የጥገና ክፍል፦
ወንድሜ፣ የድሮው መስመር የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው። በ1:87 ሲሆን 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል፣ የኛ 16.5 ነው። እሱ ራሱን የቻለ ዕቅድ ይሁን፣ እኔም እገባበታለሁ። አንድ አባል በርካሽ ሊሸጥልን ያሰበው የሜርክሊን (የጀርመን ሞዴል ባቡር አምራች) ዕቃም ይቅር። መንኮራኩሮቹ ግራና ቀኙ በኤሌክትሪክ የተለያዩ ስላልሆኑ በኛ ባለ ሁለት ሐዲድ መስመር ላይ ሾርት ያደርጋል።

ስለ ድምፁ ደግሞ፣ ሶኬት አለው ማለት ብቻ አይበቃም። ለስፒከሩ ቦታ አለው ወይ? የስፒከሩ ሳጥን በደንብ ካልተዘጋ ናፍጣው እንደ ትንኝ ነው የሚጮኸው። የእንፋሎት ከሆነ አስተውሉ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ትልቁ መንኮራኩር አንዴ ሲዞር አራቴ መተንፈስ አለበት። ድምፁ ከመንኮራኩሩ ጋር ካልገጠመ ገንዘቡ የባከነ ነው። በአዳራሽ ውስጥ ሦስት አራት ሎኮሞቲቭ አንድ ላይ ሲጮህ ደግሞ አንዱንም አጥርቶ መስማት አይቻልም። ስለዚህ የአንዱ ብቻ ይሰማ የሚለውን እደግፋለሁ።

ከድሬዳዋ፦
እሺ፣ እንዲህ ከሆነ ያ አንዱ ናፍጣ ይሁን። 218 የሚባለውን የጀርመን ናፍጣ ሎኮሞቲቭ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ በድምፁ ያውቀዋል።

ገንዘብ ያዥ፦
ጥቃቅን ዝርዝሩስ? ተመልካቹ ከአንድ ሜትር ርቀት ነው የሚያየው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ብሎን አይቆጥርም። በሣጥን ስናመላልሰው መጀመሪያ የሚሰበረውም ያ ቀጭን እጀታ ነው።

ጸሐፊ፦
በዚህ አልስማማም፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ጣቢያው ፊት ለፊት የሚቆመውን ልጆች አፍንጫቸውን አስጠግተው ነው የሚያዩት፤ ስለዚህ 218ቱ ዝርዝሩም ያማረ ይሁን። የጭነት ፉርጎ የሚጎትቱት ሦስቱ ግን እጀታቸው ከአካሉ ጋር አብሮ የተቀረጸ ቢሆንም ምንም አይደል፣ ፒኮ ሆቢ የሚባለው ርካሽ ዓይነት ይበቃል። ረቂቁን እንዲህ አስተካክያለሁ፦

«አንድ 218 ከነድምፁና ከነሙሉ ዝርዝሩ፤ ሦስት ቀላል ሎኮሞቲቭ ድምፅ የሌላቸው፣ የዲኮደር ሶኬትና የስፒከር ቦታ ያላቸው። አራቱም የ30 ሰከንዱን ፈተና ሳያልፉ ገንዘብ አይከፈልም።»

ጥገና ክፍል፣ ከቀላሎቹ የስፒከር ቦታ ያላቸው የትኞቹ እንደሆኑ ብታይልን። እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ከሁለት ሱቅ ዋጋ ጠይቂ። ተቃውሞ ያለው ከጉባኤው በፊት እዚሁ ይጻፍ።