ጎንደር ላይ ጭነት ከማን ይወሰድ? ደላላ፣ ማህበር ወይስ ቴሌግራም

የእህቴ ልጅ አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ይዞ ጎንደር፣ አዘዞ ላይ ጭነት ለመጠበቅ መቆም ከጀመረ ሁለት ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ደወለና «ጋሼ፣ ጭነት ከማን ልያዝ? ሁሉም እኔ ጋ ና ይለኛል» አለኝ። በስልክ የነገርኩትን እዚህ ላስፍረው፤ አዲስ መሪ የጨበጠ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚጠይቀው። እኔ 18 ዓመት ነድቻለሁ። መጀመሪያ በአይሱዙ፣ ኋላ 400 ኩንታል በሚጭን ባለ ተሳቢ። ከሁሉም ጋር ሠርቻለሁ፣ ከሁሉም ጋር ተጣልቻለሁ።

አዲስ ሾፌር ስልክ ሲያነሳ ከአፉ ቀድሞ የሚወጣው «በኩንታል ስንት ነው?» ነው። እኔ ግን «የት ነው የማራግፈው? መቼ?» ብዬ ነው የምጀምረው። ለምን መሰላችሁ? በኩንታል 20 ብር ብልጫ አገኘህ እንበል። 60 ኩንታል ብትጭን 1,200 ብር ነው። ተረካቢው መጋዘን በር ላይ ሁለት ቀን ካቆመህ፣ ያቺን ብልጫ አንተና ረዳትህ በምግብና በአልጋ ጨርሳችኋታል። መኪናው ሥራ የፈታበት ገና አልተቆጠረም።

ከደላላ ልጀምር። ስሙ ክፉ ነው፤ ግማሹን ስም ራሱ አምጥቶታል። ግን ትንሽ መኪና ለያዘ ሰው ጎንደር ላይ ቶሎ ጭነት የሚያገኝለት እሱ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ሰሊጥ ከመተማ መውጣት ሲጀምር፣ ከደምቢያ ሽምብራና አዝሙድ ሲጫን፣ የትኛው መጋዘን ውስጥ ስንት ኩንታል እንዳለ ከባለቤቱ እኩል ያውቃል። በ2015 መጨረሻ ክልሉ ላይ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ቴሌግራም ላይ የለመደው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ ደላላው በተራ ስልክ ጥሪ ሥራውን ቀጥሎ ነበር። ይህን ውለታ አልረሳም።

ችግሩ ደላላ ለደላላ ሲያቀባብል ነው። አስጫኙ የከፈለው ዋጋ አንተ ጋ እስኪደርስ ሦስት ኪስ ያልፋል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ሦስተኛው ደላላ ጭነቱን አይቶት የማያውቅ መሆኑ ነው። እኔን አንዱ «ባህር ዳር ታራግፋለህ» ብሎ አስጫነኝ። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቼ ባህር ዳር ስደርስ ተረካቢው «የኔ መጋዘን እኮ ደብረ ማርቆስ ነው» አለኝ። ደላላው ጋ ደወልኩ፤ ዘግቶታል። ኮሚሽኑን ጎንደር ላይ ቆጥሬ ሰጥቼዋለሁ! ከዚያ ወዲህ ኮሚሽን ግማሹን ስጭን፣ ግማሹን ሳራግፍ ነው የምከፍለው። ግማሹን በቴሌብር ለመላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በዚህ የማይስማማ ደላላ ካጋጠመህ ሻይህን ጠጥተህ ተነስ።

የጭነት መኪኖች ማህበር ሌላ ዓለም ነው። ማዳበሪያ፣ እርዳታ እህል፣ የፋብሪካ ጭነት በአብዛኛው በዚያ ነው የሚያልፈው፤ ትልቅ አስጫኝ ደረሰኝ ይፈልጋል፣ እቃው ቢጠፋ የሚጠይቀው አካልም ይፈልጋል። ሥራው ታማኝ ነው፣ ግን ቀርፋፋ። ታራ ትጠብቃለህ። የተረካቢው ፊርማ ያለበት ሰነድ ተመልሶ እስኪገባ ደግሞ ክፍያህን ትጠብቃለህ። ባለ ተሳቢ ከሆንክ ይህን ቻለው፤ 400 ኩንታል በየቀኑ የሚያመጣ ደላላ የለም። በአይሱዙ ግን አልመክርም።

ማህበር ስትመርጥ አንድ ነገር ተመልከት። ታራው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይታያል ወይስ ስምሪት በሚሰጠው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው? ሰሌዳ ካለ ግባ። ጭንቅላት ውስጥ ከሆነ፣ ከኋላህ የመጣው መኪና ቀድሞህ ሲጭን ታያለህ። «ለምን?» ብለህ ስትጠይቅ «የእሱ አስቸኳይ ነው» ትባላለህ። አስቸኳዩ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ጭነት የሚለጠፍባቸውን የቴሌግራም ግሩፖች እንደ ዋጋ መጠየቂያ ተጠቀምባቸው። ደላላው «ዛሬ ዋጋው ይህ ነው» ሲልህ ገብተህ ታነጻጽራለህ። ከዚያ በላይ ግን አልተማመንባቸውም። ጭነት ሳታይ «ለመመዝገቢያ ይህን ያህል ላክ» የሚልህ ካለ ሌባ ነው፤ አበቃ። ቀብድ የሚሰጠው አስጫኝ እንጂ ሾፌር አይደለም።

ከሁሉ የምወደው ከነጋዴው ጋር ቀጥታ መሥራትን ነው። ከዳባትና ከደባርቅ ገብስ ወደ ብቅል ፋብሪካ የሚያስገቡ አሉ። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ሱቅ ኖሯቸው ከመርካቶ እቃ የሚያመጡ አሉ። ይህ በር በልመና አይከፈትም። ጆንያውን ራስህ ቆጥረህ ጭነህ፣ ያለ ጉድለት ካራገፍክ፣ ሁለተኛ ጊዜ ራሱ ይደውልልሃል። ሲጫን «ረዳቱ ይቆጥራል» ብለህ ቡና ልትጠጣ አትሂድ። የጎደለው ከአንተ ሒሳብ ነው የሚቆረጠው።

የመልስ ጭነት ነገር ብዙ ያናግራል። አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባዶህን ከተመለስክ የሄድክበት ትርፍ ናፍታ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጭነት የሚሰጥህን ሰው «እዚያ ማንን ታውቃለህ?» በለው። ጥሩው ደላላ እዚያ ያለ ሰው ስልክ ይሰጥሃል። ከባህር ዳር ስትመለስ ወረታን አትለፋት፤ የፎገራ ሩዝ ዓመቱን ሙሉ መኪና ይፈልጋል። ከጥር 11 በፊት ባሉት ሳምንታት ደግሞ ጎንደር የሚገባው እቃ ብዙ ነው፣ ለጥምቀት እንግዳ የማይገዛ የለም። ብቻ ፒያሳ አካባቢ የሚራገፍ ከሆነ ቀኑን አጣራ። ዋዜማው ላይ ከገባህ መኪናህን አዘዞ አቁመህ አንተም ከታቦቱ ጋር ትወርዳለህ።

መንገድ ሲዘጋስ? ይህን ሳትጠይቅ ሸራ አታስር። በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ መንገድ ተዘግቶበት ከተማ ዳር ያላደረ ሾፌር ካለ እጁን ያውጣ። የኔ ውል እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ቀን የኔ፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የቆይታ ክፍያ የአስጫኙ። በቃል ብቻ አልተወውም፤ አጭር መልእክት እልክለታለሁ፣ «እሺ» ብሎ እንዲመልስልኝ አደርጋለሁ። ያቺ «እሺ» ሁለት ጊዜ ገንዘቤን አስመልሳልኛለች። በተቃራኒው «ችግር የለም፣ ሌሊት ተነስተህ ድረስ» የሚል ስምሪት ሰጪ መንገዱን አያውቀውም። ሊማሊሞን በጨለማ፣ ጭነት ይዞ፣ ፍሬን እያሞቀ መውረድ ምን እንደሆነ ቢያውቅ እንዲህ አይልም።

ይህን ከመለጠፌ በፊት ለአንድ ደላላ ወዳጄ አነበብኩለት። ሳቀና «የእናንተንስ አትጽፍም?» አለኝ። «ሾፌሩ እሺ ይለኛል፣ አስጫኙ ጫኞች ሰብስቦ ይጠብቃል። ሌላ ሰው 10 ብር ሲጨምርለት ስልኩን ዘግቶ ይጠፋል። አስጫኙ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው። ታዲያ እንዴት ብዬ ነው ጥሩ ጭነት ለዚያ ሾፌር የምሰጠው?» እውነቱን ነው፣ እኔም በጉብዝናዬ አድርጌዋለሁ። አዘዞ ትንሽ ሰፈር ናት፤ ማን ጥሎ እንደሄደ በማግስቱ ይታወቃል።

እና ለእህቴ ልጅ ያልኩት፦ ለጊዜው ሁለት ደላላ ያዝ፣ ከሁለት በላይ አታብዛ። ቴሌግራሙን ለዋጋ ብቻ ተመልከት። ከምታራግፍላቸው ነጋዴዎች ስልክ ተቀበል። ማህበሩን ተሳቢ ስትይዝ እናወራበታለን።

ትናንት ከወረታ ደወለልኝ። ሩዝ እየጫነ ነው። «ጋሼ፣ እንዳልከኝ ጠይቄያለሁ። ተረካቢው እዚያው አዘዞ ነው፣ ነገ ጠዋት ይራገፋል፣ የቆይታውንም በመልእክት ተስማምተናል» አለኝ።

«ጎበዝ! በኩንታል ስንት ተባባላችሁ?»

ዝም አለ። «እሱንማ ረሳሁት» አለኝ።