የተጎጂዋ ቃል ሲጣረስ ምን ይደረጋል?

የመዝገብ ሠራተኛ፦
ከሰው ነጋዴዎች እጅ የወጡ ሰዎችን ተቀብላችሁ ለምታነጋግሩ ጥያቄ አለኝ። ብዙ ጊዜ ተጎጂዋ በገባችበት ቀን የሰጠችው ቃል ከሳምንት በኋላ ከምትሰጠው ጋር አይገጥምም። የወራቱ ቅደም ተከተል ይዛባል፣ የደላላው ስም ይለዋወጣል፣ ጭራሽ «ፈቅጄ ነው የሄድኩት» ትላለች። መርማሪው «ትዋሻለች» ብሎ መዝገቡን ሊዘጋው ይዳዳዋል። ይህ እንዴት ይያዛል?

ሰብለ፦
ጥድፊያው ነው ችግሩ። በገባችበት ቀን ሙሉ ታሪክ አይጠየቅም። የዚያን ቀን የማይቆየው ሕክምናው ነው። ወሲባዊ ጥቃት ደርሶ ከሆነ የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ይወሰዳል፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ 5 ቀን ይሠራል፣ በቶሎ ሲሆን ግን ይሻላል። ለምርመራ ፈቃደኛ ከሆነች ሳትታጠብ ትመርመር። ልብሷ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል እርጥበት አፍኖ ማስረጃውን ያሻግተዋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ወደ ቃሉ ስንመጣ፣ በከባድ ፍርሃት ውስጥ የተያዘ ትዝታ ቁርጥርጥ ያለ ነው። የቁልፉ ድምፅና የክፍሉ ሽታ ቁልጭ ብሎ ይቀራል፤ ቀንና ወር ይጠፋል። ስለዚህ «መቼ ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ። «በሩን ማን ነበር የሚቆልፈው? በመስኮቱ ምን ይታይ ነበር? ብርድ ነበር ወይስ ሙቀት?» በሉ፤ ጊዜው ከዚያ ተነሥቶ ይሰላል። የመጀመሪያውን መዝገብ አትደልዙት። አዲሱን ለብቻው፣ ቀን ጽፋችሁ፣ በራሷ አነጋገር አስፍሩት።

ዳኘው፦
«ፈቅጄ ነው» ማለቷ ክሱን አይጥለውም። እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ ማለትም በሰው መነገድን የሚከለክለው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት፣ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ድርጊት (መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ ማስጠለል፣ መቀበል)፣ መንገድ (ዛቻ፣ ኃይል፣ ማታለል፣ ችግሯን መጠቀም) እና የብዝበዛ ዓላማ። ከመንገዶቹ አንዱ ካለ ፈቃዷ ዋጋ የለውም። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ መንገዱን ማስረዳት ራሱ አያስፈልግም፤ ድርጊቱና ዓላማው ይበቃል። ድንበር መሻገርም ግዴታ አይደለም።

መርማሪውን የሚያሳምነው የዕዳው ሒሳብ ነው። ስትነሣ ስንት ነው የተባለችው? አሁን ስንት ደረሰ? ደብተሩን ማን ይይዛል? ለምግብ፣ ለመኝታ፣ ለ«ቅጣት» ስንት ይቆረጣል? እየሠራች ዕዳው የሚያብጥ ከሆነ እሱ ራሱ ይናገራል። ወንዶቹ ላይ ይህ በተለይ ይጠቅማል፤ «ተበድያለሁ» ማለት ይከብዳቸዋል፣ «ሥራው አልቀናኝም» ብለው ያልፉታል።

የመዝገብ ሠራተኛ፦
የዕዳውን አላሰብኩትም ነበር። ስሙ የሚለዋወጠውስ?

ሰብለ፦
ደላላ አንድ ስም ብቻ ይዞ አይዞርም። ወይም የቤተሰቧን ቤት ያውቃል፣ ፈርታለች። ስሙን ትታችሁ መልኩን፣ አነጋገሩን፣ ስልክ ላይ ማን ብላ እንደመዘገበችው ጠይቁ። ስልኩን ግን ያለ ፈቃዷ አትንኩ፤ መልእክትም አይጥፋ። ቦታ ጠቋሚውን ከእሷ ጋር ሆናችሁ አጥፉት፣ ሰውየው በእሱ ሊከታተላት ይችላል።

አስተርጓሚ_ነኝ፦
አንድ ነገር ልጨምር። አስተርጓሚው አብረዋት ከተጓዙት ሰዎች መካከል አይሁን፤ የአገሯ ልጅ ስለሆነ ብቻም አትመኑት። በስልክ የሚያስተረጉም፣ ስሟ የማይነገረው ሰው ይሻላል። ከመጀመራችሁ በፊት «የምትፈሪው ሰው ከሆነ እጅሽን አንሺ፣ እናቆማለን» በሏት፤ እጇን ካነሣችም ለምን ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሌላ ሰው ቀይሩ።